ገመቹ የገዛው የትኛውን ነው?

ሰው በብዙ ነገር ይቀናል። በሰው ቤት የሚቀና አለ፤ በሰው መኪና የሚቀና አለ፤ በሰው ሚስት የሚቀናውን ተዉት፣ የሱን መጨረሻ ሽማግሌ ይየው። እኔ የቀናሁት በሰው ሃርድ ዲስክ ነው። ሳቁ! ምን ቸገራችሁ፣ እናንተ ፊት ለፊታችሁ ገመቹ የለ።

ገመቹ ማለት እዚህ ነቀምቴ፣ ከኔ ስቱዲዮ አስፋልቱን ተሻግሮ ስቱዲዮ የከፈተ የሠርግ ካሜራማን ነው። እኔም የሠርግ ካሜራማን ነኝ። ልዩነታችን፣ እኔ ቀድሜው ከፈትኩ፤ እሱ ደግሞ ቀድሞኝ ይጨርሳል። እኔ ዘንድ ሙሽሮች ቪዲዮአቸውን ሊወስዱ ሲመጡ አንዳንዴ ልጅ ታቅፈው ነው። «ይኸው እሷ እንኳ ደረሰች፣ ቪዲዮው አልደረሰም?» ይሉኛል። እኔ ምን ላድርግ? ኮምፒውተሬን ፋይል ገልብጥ ብዬው ወጥቼ፣ ፀጉሬን ተስተካክዬ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ ከባጃጅ ሹፌሮች ጋር ስለ ኳስ ተጨቃጭቄ ስመለስ ስክሪኑ ላይ የምትሞላዋ መስመር እዚያው ናት። ገመቹ ግን ቅዳሜ የቀረጸውን ሠርግ በመልሱ ቀን የሙሽራዋ አባት ሳሎን ውስጥ በትልቅ ቴሌቪዥን ያሳያል። አገሩን አስለመደው። አሁን አሁን መልስ ላይ ዶሮው ባይደርስ ይታለፋል፤ ቪዲዮው ካልደረሰ ግን ያሳማል።

ክፋቱ ደግሞ ጥሩ ሰው ነው። ክፉ ቢሆን እንዴት በተመቸኝ! ጠዋት በሩን ሲከፍት ከዚያ ማዶ «አካም ቡልቴ፣ ኦቦሌሳ!» ይለኛል፤ እንዴት አደርክ ወንድሜ ማለቱ ነው። እኔም «ነጋ!» እላለሁ፣ ደህና ማለቴ ነው። ደህና ግን አይደለሁም። እናቱ ማታ ማታ «ለልጄ ምቀኛ አታሳጣው» እያሉ የሚጸልዩለት ይመስለኛል። ጸሎታቸው ተሰምቷል፤ መልሱ እኔ ነኝ።

ነገሩ በዚሁ ቢቀር ቅናቴን አቅፌ እኖር ነበር። ግን የባለቤቴ የሌንሴ ታናሽ እህት፣ ኩለኒ፣ ልታገባ ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ አማቴ ስለ ኦቦ ፉፋ ልንገራችሁ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ቁጥብ፣ ጨዋ፣ ቀጥ ያሉ ሰው። ወጣቱን ሁሉ «ኢልመ ኮ» ነው የሚሉት፣ ልጄ ማለት ነው። ወተት የሚያመላልሰው «ኢልመ ኮ» ነው። የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው «ኢልመ ኮ» ነው። እኔን፣ ልጃቸውን ያገባሁትን፣ «ባለካሜራው» ይሉኛል። «ባለካሜራው ውሃ ስጡት።» «ባለካሜራው ደህና ነው ወይ?» አባቴ ከወሎ ስለመጣ ነው እንዳትሉ። አባቴ መምህር ሆኖ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እኔም ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው፤ ኦቦ ፉፋም እንደዚያ ያለ ነገር የሚያስቡ ሰው አይደሉም። ቂማቸው ሌላ ነው። የኔንና የሌንሴን ሠርግ ጓደኛዬ ቀርጾት «እኔ ራሴ አቀናብረዋለሁ» ብዬ ወስጄ ነበር። እስከዚያ ጊዜ አላስረከብኳቸውም ነበር። አሮጌው ኮምፒውተሬ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሰውየው የደንበኛ ቂም ነው የያዙብኝ፣ እውነታቸውን ነው።

እና ቤተሰቡ ስለ ኩለኒ ሠርግ ሊመክር በተቀመጠበት፣ ኦቦ ፉፋ ጉሮሮአቸውን ጠረግ አድርገው፣ «ለቪዲዮው ያን ገመቹ የሚሉትን ብንጠራስ?» አይሉም? በሰው ሁሉ ፊት! ብድግ አልኩና «አባባ፣ በመልሱ ቀን ቪዲዮውን ከዚህ ቴሌቪዥን ላይ ካላሳየሁ ካሜራዬን ሸጬ ንብ አረባለሁ» አልኩ። ኦቦ ፉፋ ቀና ብለው አዩኝና «ንብም ጊዜ ይጠብቃል፣ ባለካሜራው» አሉኝ።

በማግስቱ ወደ ኢንጂነር በረርኩ። ከመናኸሪያው በታች ኮምፒውተር የሚሸጥና የሚጠግን፣ ሁላችንም ኢንጂነር የምንለው ሰው ነው። የተማረው የከብት ሕክምና ነው፤ አሁንም ኮምፒውተር ሲቀርብለት መጀመሪያ ጎኑን መታ መታ ያደርጋል።

«ሁለት ትልልቅ ሃርድ ዲስክ ስጠኝ» አልኩት።

«እንዴት ላስገባልህ? ለፍጥነት ነው ወይስ ለደህንነት?»

«ገመቹ የገዛው የትኛውን ነው?»

«እኔ ስለ ገመቹ ጠየቅኩህ?» አለና ሁለቱን ሃርድ ዲስኮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስተኛቸው። «ስማኝ። አንደኛው መንገድ፣ እንደ በሬ ትጠምዳቸዋለህ። ሥራውን ተካፍለው ይጎትታሉ፤ ይፈጥናሉ። ግን አንዱ ከወደቀ እርሻ የለም። ሁለተኛው መንገድ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላውም ይጽፋል። አንዱ ቢሞት ሌላው ሙሉውን ይዞ ይጠብቅሃል። ሲጽፍ ግን ከአንዱ አይፈጥንም፤ የሚይዝልህም የአንዱን ያህል ብቻ ነው።»

«ገመቹስ?»

ተነፈሰ። «ገመቹ ለሥራው ቀጭኗን፣ ፈጣኗን ኤስኤስዲ የምትባለውን ዲስክ ወሰደ። ለማስቀመጫ ደግሞ ሁለት ሃርድ ዲስክ በሁለተኛው መንገድ አስገባሁለት። ያንተ ኪስ ለሁሉም ካልደረሰ ደህንነቱን ያዝ። የሰው ሠርግ ነው በእጅህ ያለው።»

ያጠፋችኝ «ኪስ» የምትለዋ ቃል ናት። ደሜ ፈላ። በፍጥነት የሚቀድመኝን ሰው በደህንነት ላሸንፈው ነው? ማን ያየዋል ደህንነትን? መልስ ላይ ተጋባዡ ቁጭ ብሎ «አቤት ደህንነት!» ይላል?

«ጥመድልኝ!» አልኩት።

«ሌላ ቦታ ግልባጭ ታስቀምጣለህ?»

«አስቀምጣለሁ» አልኩ። ሰው «እደውልልሃለሁ» እንደሚለው ማለቴ ነበር።

አቤት ሲፈጥን! ያቺ ቆማ የምትውል መስመር እንዳቅሟ መብረር ጀመረች። ፋይል እየገለበጥኩ ሻይ ለመጠጣት ብወጣ፣ ሻዩ ሳይቀርብ ያልቃል። ሥራ ባይኖረኝም አንዱን ፋይል ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ እየገለበጥኩ እዝናና ነበር። ስክሪኑን ወደ አስፋልቱ አዞርኩት፤ ገመቹ ይየው ብዬ። አየውም። ተሻግሮ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና «ጋሪዳ፣ በጣም ጥሩ ነው! እንኳን ደስ ያለህ፣ ኦቦሌሳ» አለኝ፣ ከልቡ። ምናለ ትንሽ እንኳ ቢቀና? ቅናቴን ብቻዬን አስቀረኝ።

ሠርጉ ደረሰ። በእኛ አገር የሴት ወገን የራሱን ካሜራ ያቆማል፣ የወንድ ወገን የራሱን ይዞ ይመጣል። የሙሽራው ቤተሰብ የአኖ ሰዎች ናቸው። መኪኖቻቸው ጡሩምባቸውን እያስጮሁ ደርሰው፣ የመጀመሪያው በር ሲከፈት ካሜራ አንግቦ የወረደው ማን ይመስላችኋል? ገመቹ! በኔ አማት ግቢ!

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሰይጣንም «በቃህ» የሚል ይመስለኛል። ገመቹ በቀኝ ሲቆም እኔ ከፊቱ፤ በግራ ሲዞር እኔ ከፊቱ። ቀለበት ሲደረግ ከፊቱ፣ ዘማሪዎቹ ሲዘምሩ ከፊቱ፣ ኬክ ሲቆረስ ከፊቱ። «ኦቦሌሳ፣ ትንሽ ዝቅ በልልኝ» አለኝ በትህትና። እኔ ዝቅ ልል ነው ሠርግ የመጣሁት?

ኩለኒ ከአባቷ ቤት ልትወጣ ስትል ኦቦ ፉፋ ሊመርቁ ተነሡ። ሙሽሮቹ ተንበረከኩ። «ሆራ ቡላ!» ብለው ጀመሩ፤ ተዋለዱ፣ ብዙ ኑሩ ማለት ነው። ቀጠሉ፣ ቀጠሉ፣ ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። ያ ቀጥ ያለ ሰው እንባው ዱብ ዱብ አለ። እናንተዬ፣ ኦቦ ፉፋ ሲያለቅሱ አይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሌንሴ እንኳ አይታ አታውቅም። በኔ ሠርግ ቀን አላለቀሱም፤ ያን ቀን ማልቀሱን ለኔ ትተውልኝ ይሆናል። እኔ ሮጥኩ፣ ተጠጋሁ፣ እንባቸውን ከዓይናቸው ሥር እስከ ጢማቸው ድረስ ያዝኩት። እንደዚያ ያለ ምስል በሕይወቴ አንስቼ አላውቅም።

ኩለኒ አንገቷን ደፍታ ስለነበር አላየችም። መኪና ውስጥ ስትገባ ሌንሴ ነገረቻት። «አባዬ? አባዬ አለቀሰ? ውሸት! በመልሱ ቀን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» አለችና በመስኮቱ ወደኔ ዞራ፣ «ይዘኸዋል አይደል?» አለችኝ።

«በደንብ አድርጌ!» አልኳት።

ማታውኑ ሁሉንም ወደ ጥማዶቼ ገለበጥኩ። እሁድ ሌላ ሠርግ ስለነበረኝ የካሜራውን ሚሞሪዎች አጸዳሁ። ሌንሴ «አንድ ግልባጭ ፍላሽ ላይ አድርገህ ስጠኝ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ አኖረዋለሁ» ብላኝ ነበር። «ፍላሽ ቀርፋፋ ነው፣ ጊዜ አታባክኚብኝ» አልኳት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ የምለቅመውም አላገኘሁም።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ መብራት ሄደ። መጣ። ሄደ። ከዚያ ያልሰጠንን ሁሉ ባንዴ ሊሰጠን ፈልጎ በኃይል መጣ። አምፖሉ ቦግ አለ፣ ኮምፒውተሩ ጭጭ አለ። መልሼ ሳስነሳው ከሆዱ ውስጥ «ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከበሬዎቹ አንዱ ነው። የእሁዱ ሠርግ ገና ከሚሞሪው አልተገለበጠም፤ የኩለኒ ግን ያለው እዚሁ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የደወልኩት ለአንድ የሙያ ጓደኛዬ ነው። «በላስቲክ ጠቅልለህ ፍሪጅ ውስጥ ክተተው፣ አንዳንዴ ይነሣል» አለኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ከተትኩት። ሌንሴ ቅቤ ልታወጣ ስትከፍት አገኘችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሠርግ ነው።»

«የማን ሠርግ?»

«የኩለኒ።»

የፍሪጁን በር ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ፍሪጁም አላዳነው። ኢንጂነር ዘንድ ወሰድኩት። መታ መታ አደረገው፣ አዳመጠው፣ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። «ሌላኛው ደህና ነው አይደል? ሥራውን የተካፈሉት እኩል ከሆነ ግማሹ ሠርግ አለኝ ማለት ነው። እስከ ምሳ ድረስ ያለውን አሳያቸዋለሁ።»

«እስከ ምሳ የሚባል ነገር የለም» አለኝ። «ሁሉም ነገር ተሰነጣጥቆ ነው የተካፈለው። የሙሽራዋ አንድ ዓይን እዚህ፣ አንድ ዓይን እዚያ። የተረፈህ ሠርግ አይደለም፣ ፍርፋሪ ነው። ግልባጩስ? አስቀምጣለሁ ብለኸኝ አልነበር?»

ከብት ሞቶበት የመጣን ገበሬ እንደሚያጽናና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ቤት ስገባ ሌንሴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ገመቹ ጋ ሂድ። እሱ ቀርጿል» አለች።

«ገመቹ ጋ ከምሄድ...»

«ከምትሄድ ምን? አንተ ቅናትህን ታስታምማለህ፣ እህቴ የአባቷን እንባ ታጣለች። ሂድ!»

ያን አስፋልት ተሻገርኩ። ገመቹ ቆሞ ተቀበለኝ፣ ወንበር ሳበልኝ፤ የሆነውን ስነግረው «አይዞህ፣ የኔ አለ እኮ!» ብሎ ከፈተው። ብልጭ ብሎ ተከፈተ። እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ ዓይኔ የሄደው ወደ አከፋፈቱ ፍጥነት ነው።

ከዚያ ምስሉን አየሁ። አንድ ግራጫ ኮት አለ። ቀለበት ሲደረግ፣ ግራጫ ኮት። ዘማሪዎቹ ሲዘምሩ፣ ድምፅ ብቻ፤ ምስሉ ግራጫ ኮት። ኬኩ ሲቆረስ አንድ ክርን፣ ከክርኑ በላይ ትንሽዬ የኬክ ጫፍ። የኦቦ ፉፋ ምርቃት መጣ። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ሲሰበርም ይሰማል። የሚታየው ግን የኔ ማጅራት ነው፤ ከነጆሮው።

ገመቹ አቀረቀረ። «ሞክሬ ነበር፣ ኦቦሌሳ። በግራ ስመጣ በግራ መጣህ።»

ይህ ሁሉ በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አንዲት ነገር ሳትጎድል ተቀምጧል። ጀርባዬን እንደዚያ የጠበቀልኝ ሰው የለም።

መልሱ ሐሙስ ነበር። ገመቹ ያለውን አቀናብሮ፣ ከሚታየው የሚታየውን መርጦ፣ ራሱ ይዞ መጣ። ሳሎኑ ጢም ብሏል። እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ በልቤ «አምላኬ፣ መብራት ይሂድ። እባክህ፣ ለዛሬ ብቻ ይሂድ» እላለሁ። ያን ቀን መብራት ውልፍት አላለም!

ቪዲዮው ተጀመረ። መጀመሪያ ሳቅ ነበር። አንዲት የአኖ እናት «ሙሽራው ይሄ ግራጫ ኮት ነው እንዴ?» አሉ። ኦቦ ፉፋ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ ብለው፣ «ልጄን የዳርኩት ለዚህ ጀርባ ነው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ምርቃቱ ላይ ሲደርስ ግን ሳቁ ቆመ። «ሆራ ቡላ!» የሚለው ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። ኩለኒ ተነሥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። ድምፁ ሲሰበር አንገቷን ወደ ጎን አዘነበለች፤ በጀርባዬ ዞራ አባቷን ልታይ። ወደዚህ አዘነበለች፣ ወደዚያ አዘነበለች። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«የት አለ? ይዤዋለሁ አላልከኝም?»

«ይዤው ነበር» አልኩ። «አጠፋሁት። ገመቹ እንዳይዘውም እኔ ነኝ የከለልኩት።»

ንቡን ከየት እንደምገዛ ማሰብ ጀመርኩ። ኦቦ ፉፋ ተነሡ፣ ቴሌቪዥኑን ራሳቸው አጠፉት።

«ሰውየው ቤቱ ውስጥ በሕይወት ቆሞ ሳለ በሳጥን ውስጥ ትፈልጉታላችሁ?» አሉ። «ኩለኒ፣ ነይ ወዲህ። ባልሽንም ጥሪው።»

ሙሽሮቹ ተንበረከኩ። ገመቹ ካሜራውን አነሣ። እኔም አነሣሁ፤ እግሬም በልማዱ ወደፊት፣ ወደ ገመቹ ፊት፣ አንድ ጊዜ ተራመደ። ሌንሴ አየችኝ። እግሬን መለስኩት፤ ገመቹ ኋላ ሄጄ ወንበር ላይ ቆምኩ።

ኦቦ ፉፋ እንደገና መረቁ። ያችው ቦታ ላይ ሲደርሱ ያው ድምፅ ያው ተሰበረ። ኩለኒ በዚህ ጊዜ አንገቷን አልደፋችም። ቀና ብላ አየች። የአባቷን እንባ በገዛ እጇ ጠረገች። እኔ በካሜራው ውስጥ እያየሁ ነበር፤ ምስሉ ትንሽ ተንቀጥቅጦብኛል፣ ወንበሩ ነው።

ምርቃቱ ሲያልቅ ኦቦ ፉፋ ወደ ካሜራዎቹ መጡ። ካሜራዬን አላጠፋሁም። እጃቸውን ዘረጉና ገመቹ ራስ ላይ ጫኑ። «አንተ ባትኖር የዚያን ቀን ድምፄም ጠፍቶ ነበር። ገለቶሚ፣ ኢልመ ኮ!» አሉት። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «ባለካሜራው፣ ከወንበሩ ውረድ፤ ይሰበራል።»

አሁን ሃርድ ዲስኮቼ በሁለተኛው መንገድ ነው ያሉት። ሌንሴ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ፍላሽ ላይ ግልባጭ አላት። ሌላ ግልባጭ ገመቹ ዘንድ አኖራለሁ፣ እሱም የሱን እኔ ዘንድ። የራሳችንንም ሠርግ ሌንሴ ከአሮጌው ኮምፒውተር አውጥታ ለገመቹ ሰጥታው ኖሮ፣ በሳምንቱ አስረከባት። በራሴ ሠርግ ቀናሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ኢንጂነር መጥቶ ሁሉንም አየና «አሁን ገና ሰው ሆንክ። ቤቱ ቢቃጠል፣ መብራት ቢያብድ፣ ይሄ ምስል አይጠፋም» አለኝ።

አይጠፋም። ጥርት ብሎ፣ ማንም ሳይከልለው፣ በእጄ የቀረጽኩት፣ በሄድኩበት ሁሉ ግልባጩ አለ፦ ኦቦ ፉፋ ገመቹን «ልጄ» ሲሉት።